ፒንግ ይመለሳል፣ ሪፖርቱ ግን አይከፈትም

ባለ ቅርንጫፉ ፦ ሰኞ፣ ረፋድ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የምንገናኘው በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ ምስጢራዊ የግል መስመር፣ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያ አዲስ ፋየርዎል (በኔትወርኩ በር ላይ የሚያልፈውንና የማያልፈውን የሚለይ) ከተተከለ ወዲህ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጥሞናል። የመግቢያው ገጽ ይከፈታል፣ የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፣ የደንበኛ ስም ሲፈለግም ቶሎ ይመጣል። የወሩን ሪፖርት ክፈት ሲሉት ግን ገጹ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ‘ጊዜው አልፏል’ ይላል። ከእኛ ወደ እነርሱ የተቃኘ ሰነድ ስንልክ ደግሞ ያለ እንከን ይደርሳል።

ዋናው መሥሪያ ቤት ስደውል ‘ፒንግ አድርግ’ ይሉኛል፤ ትንሽ መልእክት ልከህ መመለሷን እይ ማለታቸው ነው። አደርጋለሁ፤ በ38 ሚሊ ሴኮንድ ይመለሳል፣ አንድም አይጠፋም። ‘እንግዲያውስ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፣ ኮምፒውተራችሁን ፈትሹ’ ብለው ይሸኙኛል። ኮምፒውተር ቀይሬአለሁ፣ ኬብል ቀይሬአለሁ፣ ስዊቹን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ሥራ አስኪያጃችን በበኩላቸው ‘ውድም ቢሆን የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንግዛ’ እያሉ ነው። ከየት ልጀምር?

ደረጀ_ዋይፋይ ፦ ሰኞ፣ ረፋድ 4:15

ራውተሩን ነቅለህ ሰካው።

ባለ ቅርንጫፉ ፦ ሰኞ፣ ረፋድ 4:16

ነቅዬ ሰክቻለሁ።

ጋሽ ሞደም ፦ ሰኞ፣ ረፋድ 4:52

ልጄ፣ ‘ፒንግ ከተመለሰ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው’ የሚለው ፍርድ ስንቱን ቴክኒሻን በየቅርንጫፉ ሲያንከራትት ኖሯል። ምስክር የሚናገረው ስላየው ነገር ብቻ ነው። ፒንግ ያየው ደግሞ ትንሽ ነገር ነው፤ ከዊንዶውስ ሲላክ የሚሸከመው 32 ባይት፣ ከሊኑክስ ሲላክ 56 ባይት ነው። ሪፖርትህ ግን እስከ 1500 ባይት በሚደርሱ ፓኬቶች፣ በመስመሩ ላይ ተከፋፍለው በሚጓዙ ጥቅሎች፣ ተጭኖ ነው የሚመጣው። የትንሹ ማለፍ ለትልቁ ዋስ አይሆንም።

ፒንግን ማጣጣሌ ግን አይደለም። በዚህ ሙያ ከተፈለሰፉት መሣሪያዎች ሁሉ፣ ከተደከመበት አንጻር፣ የእርሱን ያህል ያገለገለ አላውቅም። ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 በሜሪላንድ፣ አበርዲን በሚገኘው የአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። የላቦራቶሪው ኔትወርክ ሲያስቸግረው፣ በዚያው ዓመት በጋ ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ዴቪድ ሚልስ በማሚቶ መልእክት ርቀትን ስለ መለካት ያወሩት ትዝ አለውና ፕሮግራሙን በአንድ ምሽት ጻፈው። ጠቅላላው አንድ ሺህ መስመር ያህል ነው። ስሙን የሰጠው የባሕር ሰርጓጅ ፈላጊው ሶናር ከሚያሰማው ድምፅ ወስዶ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ የመጀመሪያውን ፒንግ ሳይልክ ገና ባልደረባው ብልሽቱን አግኝቶ ጠግኖት አረፈ። መሣሪያው የተሠራለት ችግር አምልጦት ሌላውን ሁሉ ሲያሳድድ ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው።

ሙስ ራሱ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክም ነበር። ኬብሉ አልፎ አልፎ የሚቋረጥበት አንድ አስተዳዳሪ የፒንግን መልስ ድምፅ ከሚያወጣ ፕሮግራም ጋር፣ ያንን ደግሞ ከቢሮው የሙዚቃ ማጫወቻ ጋር አገናኘው። ኮምፒውተሩ በየሴኮንዱ ‘ፒንግ! ፒንግ!’ እያለ ሕንፃውን ሲያናጋ ሰውየው እየዞረ የኬብሉን ማያያዣዎች አንድ በአንድ ይነቀንቅ ጀመር። የአንዱን ሲነካ ድምፁ ቀጥ አለ፤ ብልሽቱም እርሱ ዘንድ ተገኘ። ይህን ለሥራ አስኪያጅህ ንገራቸው፣ ስለ ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ባለ ፓኬቷ ፦ ሰኞ፣ ቀን 6:30

ጋሽ ሞደም፣ ጨዋታዎ አይጠገብም፤ እኔ ግን ወደ ሥራው ልመልሳችሁ። ባለ ቅርንጫፉ፣ ከጻፍኸው ውስጥ ትንንሹ ማለፉ፣ ትልልቁ መቅረቱ፣ ያውም ከእነርሱ ወደ እናንተ ሲመጣ ብቻ መሆኑ ይበቃኛል። ኮምፒውተርህን ተወው። የምጠረጥረው ኤምቲዩን ነው፤ መስመሩ ሳይቆራርጥ ሊያሳልፈው የሚችለውን ትልቁን የፓኬት መጠን ማለቴ ነው። ተራ ኢተርኔት 1500 ባይት ያሳልፋል። ቪፒኤን ግን እያንዳንዱን ፓኬት መስጥሮ በራሱ ራስጌ (ከፊት በሚለጠፍ የአድራሻ መለያ) ስለሚጠቀልለው ለይዘቱ የሚቀረው ቦታ ከዚያ ያንሳል።

ፒንግን ‘አትቁረጥ’ ከሚለው ምልክት ጋር ላከው። በዊንዶውስ ምልክቷ ኤፍ የምትባለው ፊደል ናት፣ መጠኑን የምትወስነው ደግሞ ኤል። ኤፍን ከረሳህ ፓኬቱ እየተቆራረጠ ያልፍና ያታልልሃል። ከ1472 ጀምር፤ የአይፒው ራስጌ 20፣ የአይሲኤምፒው (ፒንግ የሚጓዝበት የኔትወርክ መቆጣጠሪያ መልእክት) 8 ሲደመርበት 1500 ይሞላል። ካላለፈ እየቀነስህ ውረድና የሚያልፈውን ትልቁን ቁጥር ያዝ። ከዚያ ያንኑ ፈተና ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ወደ አንተ እንዲያደርጉት ለምናቸው። እምቢ ቢሉህም አትተዋቸው፣ ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን፣ ሳያልፍ ሲቀር የሚወጣውን ጽሑፍም ቃል በቃል አምጣልኝ።

ሦስተኛ_ዓመት ፦ ሰኞ፣ ቀን 8:05

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ፣ ገና ተማሪ ነኝ። መስመሩ የት ላይ እንደተበላሸ ለማወቅ ትሬስራውት አይሻልም? እኔ ስሞክረው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ሦስት ኮከቦች አያለሁ። መስመሩ የተቆረጠው እዚያ ነው ማለት አይደለም?

ሲልቨር ስፕሪንግ ፦ ሰኞ፣ ማታ 2:40

አይደለም ወንድሜ። እያንዳንዱ ፓኬት ቲቲኤል የሚባል ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ያለፈበት ራውተር ሁሉ አንድ ይቀንስበታል። ዜሮ ሲሆን ራውተሩ ፓኬቱን ይጥልና ‘ዕድሜው አልቋል’ ብሎ ለላኪው ያስታውቃል። ይህ የተሠራው መንገድ የሳተ ፓኬት ለዘላለም እየዞረ እንዳይኖር ነው። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1987 በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ሆኖ ይህን መርዶ የመንገድ ካርታ አደረገው፤ ትሬስራውት ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ፓኬት በ1 ይልካል፣ የመጀመሪያው ራውተር ‘እኔ ጋ ሞተ’ ይላል፤ ቀጣዩን በ2 ይልካል፣ ሁለተኛው ይናገራል፤ እንዲህ እያለ እስከ መድረሻው። ኮከብ ማለት ያ ራውተር መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ ያሉት እየመለሱ ከሆነ መስመሩ አልተቆረጠም፣ ዝም ያለ ራውተር ነው ያየኸው።

ጃኮብሰን በዚያ ዘመን የተያዘበትን ጉዳይ ብታውቅ መሣሪያው ከየት እንደመጣ ይገባሃል። በኦክቶበር 1986 በላቦራቶሪውና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ አራት መቶ ያርድ በምትሆን ርቀት ላይ፣ በሴኮንድ 32 ሺህ ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር ወደ 40 ቢት ወረደ። አርባ ሺህ አላልኩም፣ አርባ! በእግር የሚሄድ መልእክተኛ ይቀድመዋል። የተበላሸ ኬብል አልነበረም፤ ሁሉም ኮምፒውተር የጠፋበትን እየደጋገመ ሲልክ መስመሩን አነቁት። ዛሬ ስልክህ ውስጥ ያለው ቲሲፒ፣ የተላከው መድረሱን የሚከታተለው የመላኪያ ደንብ፣ ፍጥነቱን አይቶ የሚቀንሰው ከዚያ ምርመራ በተገኘ ዘዴ ነው። ከዚያው ላቦራቶሪ ቲሲፒደምፕም ወጣ፤ የምትሰማውን ቅሬታ ትተህ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ራስህ የምታይበት።

የትሬስራውትን ሐሳብ ለጃኮብሰን ያቀበለው ስቲቭ ዲሪንግ ነው። ስሙን ያዙልኝ፣ ባለ ፓኬቷ የምትፈልገው ይመስለኛል።

የጥበቃ በር ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገብቶኛል፤ መጨረሻው ‘ፋየርዎሉ አይሲኤምፒን ይክፈት’ ነው። እኔ በደኅንነት ሥራ ላይ ነኝ፤ ብዙዎቻችን ፒንግን ብቻ ፈቅደን ሌላውን የአይሲኤምፒ ዓይነት የምንዘጋው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ‘የሞት ፒንግ’ የተባለው ጥቃት ሲገጣጠም ከ65,535 ባይት የሚበልጥ ፓኬት እየላከ የስንቱን ሥርዓተ ክወና ጣለ። ቀጥሎ ስመርፍ መጣ፤ አጥቂው የተጎጂውን አድራሻ አስመስሎ ወደ አንድ ሙሉ ኔትወርክ ፒንግ ይልካል፣ መልሱ ሁሉ በተጎጂው ላይ ይዘንባል።

የመቆጣጠሪያ መልእክት ራሱ ኔትወርክ እንደሚገድል የሚጠራጠር ካለ የኦክቶበር 27 ቀን 1980ን የአርፓኔት፣ የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው ኔትወርክ፣ ውድቀት ያንብብ። መገናኛ ኮምፒውተሮቹ ስለ መስመሮቻቸው ሁኔታ የሚለዋወጡት መልእክት ስድስት ቢት የሆነ ተራ ቁጥር ነበረው። በአንዱ ኮምፒውተር ብልሽት ቢት እየወደቀ ከአንድ ምንጭ የመጡ 44፣ 40 እና 8 የሚል ቁጥር ያላቸው ሦስት መልእክቶች አብረው ተገኙ። ቁጥሩ 63 ሲደርስ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ በስሌቱ 44 ከ40 የቅርብ ጊዜ ሆነ፣ 40 ከ8፣ 8 ደግሞ ከ44! እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሦስቱንም ‘አዲስ መጣ’ እያለ ሲቀባበል ሌላ ሥራ ቆመ፤ ኔትወርኩ ለሰዓታት ወደቀ። ስለዚህ ‘ክፈቱ’ ማለት ቀላል ነው።

ባለ ፓኬቷ ፦ ማክሰኞ፣ ረፋድ 5:00

የ1980ውን ማንሣትህ ደስ ብሎኛል፣ ግን ታሪኩን መሃል ላይ አቆምኸው። እንዴት ተጠገነ? አርፓኔትን የሠራው ድርጅት፣ የቢቢኤን፣ መሐንዲሶች ሁሉም ኮምፒውተሮች የዚያን የአንዱን፣ የቁጥር 50ን፣ የሁኔታ መልእክት እንዳይቀበሉ የሚያደርግ ማስተካከያ አሰራጩ። የሁኔታ መልእክትን ከነጭራሹ አልከለከሉም፤ ከልክለው ቢሆን ኖሮ ኔትወርክ የሚባል ነገር ባልኖራቸው ነበር። የሞት ፒንግም የታከመው የተበላሸው ፕሮግራም ሲታረም ነው፣ ስመርፍም ራውተሮች ወደ ሙሉ ኔትወርክ የሚላከውን ማስተላለፍ ሲያቆሙ። አንተ ግን በሽታው ከዳነ በኋላ መድኃኒቱን አሁንም እያዘዝህ ነው።

አሁን ወደ ዲሪንግ። ጄፍሪ ሞጉልና ስቲቭ ዲሪንግ በኖቬምበር 1990 ያወጡት ሰነድ፣ ቁጥሩ 1191 የሆነው፣ ላኪ ኮምፒውተር በመንገዱ ላይ ያለውን ጠባቡን ቦታ እንዴት እንደሚያውቅ ይደነግጋል። ላኪው ፓኬቶቹን ሁሉ ‘አትቁረጥ’ ብሎ ይልካል። መንገድ ላይ የማያሳልፍ ራውተር ሲገኝ ፓኬቱን ይጥልና ‘መቆራረጥ ያስፈልገው ነበር፣ እኔ የማሳልፈው ይህን ያህል ነው’ የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት ይመልሳል፤ ዓይነት 3፣ ኮድ 4 ይባላል። ላኪው መጠኑን ቀንሶ ይቀጥላል። ፋየርዎሉ ያችን መልእክት ከጣላት ላኪው ትልቁን ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ ራውተሩ ደጋግሞ ይጥላል፣ ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ሪፖርቱ አይከፈትም። ፒንግን ፈቅዶ ይህችን መዝጋት ከመዝጊያዎች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም መርማሪው ‘ጤነኛ ነው’ ብሎ ፋይሉን እንዲዘጋ ያደርገዋል።

የጥበቃ በር ፦ ማክሰኞ፣ ረፋድ 5:12

መጀመሪያ ውጤቱ ይምጣ። እስካሁን የያዝነው ጥርጣሬ ነው።

ባለ ቅርንጫፉ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 9:35

ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ከእኛ ወደ እነርሱ 1472 ስልክ የራሳችን ራውተር ወዲያውኑ ‘ፓኬቱ መቆራረጥ ያስፈልገዋል፣ ግን አትቁረጥ ተብሏል’ ብሎ መለሰ። እየቀነስኩ ወረድኩ፤ 1410 ያልፋል፣ 1411 ያንኑ መልእክት ይመልሳል።

ከዚያኛው ወገን ለማስደረግ ብዙ ለመንኩ፤ በመጨረሻ አንዲት ባልደረባ ተባበረችኝ። ከሰርቨሩ ወደ እኔ 1410 ያልፋል። 1411 ሲሆን ግን ‘ጊዜው አልፏል’ ብቻ ይወጣል። መቆራረጥ የሚል ቃል የለም። እርሷም ተገርማ ደጋግማ ሞከረችው።

ባለ ፓኬቷ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 9:48

ተገኘ። 1410 ላይ 28 ስትጨምር 1438 ይሆናል፤ የቪፒኤኑ ትክክለኛ መጠን ይህ ነው፣ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው። ልዩነቱ በአንተ በኩል ራውተሩ ይናገራል፣ በእነርሱ በኩል ያለው ሲናገር አፉን የሚያፍን አለ። በሰርቨሩና በቪፒኤኑ ራውተር መካከል የቆመው ማን ነው? አዲሱ ፋየርዎል።

ለክርክር እንዳይመች በዋየርሻርክ፣ በመስመሩ የሚያልፉትን ፓኬቶች ቀርጾ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ አስደግፈው። በአንተ ኮምፒውተር ላይ መቅረጽ ጀምር፣ ሪፖርቱን ጠይቅ፣ ገጹ ሲደርቅ አቁም። ጥቁር መደብ ላይ በቀይ ፊደል የተጻፉትን መስመሮች ተመልከት።

አስተባባሪ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 9:55

የተቀረጸውን ፋይል እዚህ አትለጥፉ። ውስጡ የደንበኞች ስምና ሒሳብ ሊኖር ይችላል። ያያችሁትን በቃል ግለጹ።

ባለ ቅርንጫፉ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 10:40

በቃል እገልጻለሁ። ግንኙነቱ ይጀመራል፣ ጥያቄዬ ይሄዳል፣ ‘ደርሶኛል’ የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ፓኬት ብቻ ትመጣለች፣ ከእርሷ አጠገብም ዋየርሻርክ ‘ከዚህ በፊት ያለው ክፍል አልታየም’ ብሎ ይጽፋል። የእኔ ኮምፒውተር ‘ጅራቱ ደርሶኛል፣ ፊቱ የለም’ እያለ ይመልሳል። በሰርቨሩ በኩል ባልደረባዬ ስትቀርጽ ደግሞ አንዱ ሙሉ ፓኬት ደጋግሞ ሲላክ ይታያል፤ በየመሃሉ ያለው ጊዜ በየጊዜው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል።

ጋሽ ሞደም ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

ይህን ያህል ነገር በነጻ ማየት መቻሉን እንደ ቀላል አትዩት። ጄራልድ ኮምብስ በካንሳስ ሲቲ በአንድ ትንሽ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ሲሠራ፣ ፓኬት የሚተነትኑት የንግድ ሶፍትዌሮች 1,500 ዶላር ገደማ ያወጡ ነበር፤ እርሱ በሚሠራባቸው ሶላሪስና ሊኑክስ ላይም አይሠሩም። ስለዚህ የራሱን ጻፈና እ.ኤ.አ. በ1998 ኢተሪል ብሎ ለሕዝብ ለቀቀው። በ2006 መሥሪያ ቤት ሲቀይር የንግድ ምልክቱ የቀድሞው ድርጅት ስለነበር ስሙን ዋየርሻርክ አለው። እኔ ሥራ የጀመርኩ ጊዜ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሻንጣ ውስጥ ካልሆነ የት አየሁት!

የጥበቃ በር ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

ማስረጃው ማስረጃ ነው፤ አልከራከርም። ዓይነት 3 ኮድ 4 ይፈቀድ፣ በሴኮንድ የሚያልፈው ብዛት ግን ገደብ ይኑረው። ዓይነት 11ም፣ ትሬስራውት የሚኖርበት ‘ዕድሜው አልቋል’፣ ቢፈቀድ አልቃወምም። ‘መንገድህን ቀይር’ የሚለውን ዓይነት 5ን ግን ማንም ለምኖ አያስከፍተኝም።

ባለ ፓኬቷ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:58

ዓይነት 5 ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ እኔም እዘጋዋለሁ።

ባለ ቅርንጫፉ፣ የፋየርዎል ለውጥ ፈቃድ ቀናት የሚወስድ ከሆነ ለጊዜው በራውተራችሁ ላይ የቲሲፒን ኤምኤስኤስ፣ በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ትልቁን ይዘት፣ 1398 ላይ ገድበው። 1438 ሲቀነስ 20 የአይፒ፣ ሲቀነስ 20 የቲሲፒ። ግንኙነት ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች በዚያ መጠን ይስማማሉ፣ ትልቁ ፓኬት ከመነሻውም አይወለድም። ቲሲፒ ላልሆነው ግን አይረዳም፤ ስለዚህ ዋናውን ጥገና ከመጠየቅ አትቦዝን።

ሲልቨር ስፕሪንግ ፦ ማክሰኞ፣ ሌሊት 6:30

ስለ ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ልጁ ነገ ቢሮ ገብቶ መልስ ይጠበቅበታል።

መቆጣጠሪያ አያስፈልግም አይባልም። ኤስኤንኤምፒ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አለ፤ ራውተሩንም ስዊቹንም ‘በዚህ መስመር ስንት ባይት አለፈ፣ ስንት ስሕተት ተቆጠረ’ ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል የጋራ ቋንቋ ነው። አብዛኛው ውድ ሶፍትዌር ከጀርባው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቶቢያስ ኦቲከር እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ ለመላው ግቢ የነበረው የውጭ መስመር አንድ 64 ኪሎ ቢት ብቻ ነበር፤ ሁሉም ‘ምን ያህል ተጨናንቋል’ እያለ ይጠይቀዋል። በየአምስት ደቂቃው ራውተሩን ጠይቆ ሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈላቸው፤ ኤምአርቲጂ ይባላል። ነጻ ነው፣ ዛሬም ይሠራል፣ ለአንድ ቅርንጫፍ ከበቂ በላይ ነው።

ሆኖም የእናንተን ብልሽት ከእነዚህ አንዱም አያሳይም። መስመሩ አልተጨናነቀም፣ ራውተሩ አልወደቀም፣ ፒንግ ይመለሳል፤ ሰሌዳው በሙሉ አረንጓዴ ይሆን ነበር። ለሥራ አስኪያጁ እንዲህ በላቸው፦ ‘የሚገዛ ነገር ካለ፣ በየአምስት ደቂቃው ከሰርቨሩ አንድ ትልቅ ፋይል አውርዶ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ የሚመዘግብ ነገር ይሁን።’ ያን ደግሞ ያ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊጽፍልህ ይችላል።

ሌላው፣ መቆጣጠሪያው በሚቆጣጠረው መስመር ላይ ብቻ አይንጠልጠል። በኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ስድስት ሰዓት ያህል የጠፋው ለጥገና በተሰጠ አንድ ትእዛዝ የጀርባ መስመሮቹ ሁሉ ስለተቋረጡ ነው፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዲያግድ የተሠራው መፈተሻም ራሱ እንከን ነበረበት። መሐንዲሶቹ ብልሽቱን የሚመረምሩባቸው መሣሪያዎች በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ አብረው ጠፉ፣ ሰው በአካል ወደ መረጃ ማዕከል መላክ ግድ ሆነ። እኔ በምሠራበት በቨርጂኒያ በኩል ከዚያ ወዲህ ስለ ተለዋጭ መግቢያ መስመር የማይጠይቅ ኃላፊ የለም። ለእናንተ ቅርንጫፍ አንድ የሞባይል ሲም ያለው ርካሽ ራውተር ይበቃል።

ሦስተኛ_ዓመት ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

እጽፍለታለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፦ ኔትወርኩ ወደ አይፒ ስሪት 6፣ ወደ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ ቢዞር ይህ ችግር ይቀራል?

ባለ ፓኬቷ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05

ይብሳል። በስሪት 6 ራውተር ፓኬት መቆራረጥ ጨርሶ ተከልክሏል፤ የሚቆርጠው ላኪው ብቻ ነው። ‘ፓኬቱ ትልቅ ነው’ የምትለዋ መልእክት ከታፈነች ላኪው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በእርግጠኝነት የሚያልፍለት 1280 ባይት ብቻ ነው። እዚያ አይሲኤምፒን በጅምላ የዘጋ ሰው ኔትወርኩን ነው የዘጋው።

ባለ ቅርንጫፉ ፦ ረቡዕ፣ ረፋድ 5:20

ኤምኤስኤሱ 1398 ላይ ተገደበ፤ ሪፖርቱ ወዲያው ተከፈተ፣ ሒሳብ ክፍል የወሩን መዝጊያ ማተም ጀምሯል። የፋየርዎሉ ለውጥ ማመልከቻም ገብቷል፤ የሁለቱን ወገን የ1411 ውጤት ጎን ለጎን አድርጌ አያይዣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሶፍትዌሩ ‘እናቆየው’ ብለዋል፣ ባለ ሲሙን ራውተር ግን ፈቅደዋል። እህቴ ባለ ፓኬቷ፣ ጋሽ ሞደም፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ።

ደረጀ_ዋይፋይ ፦ ረቡዕ፣ ረፋድ 5:22

ራውተሩን ነው ያልኩት።

አስተባባሪ ፦ ረቡዕ፣ ረፋድ 5:45

ክሩን ‘የተፈቱ’ ወደሚለው ክፍል አዛውሬዋለሁ። በኤስኤንኤምፒ ላይ ‘ፐብሊክ’ የሚለውን ነባር የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ ስለሚተዉ ሰዎች መከራከር የምትፈልጉ በግል መልእክት አስቸገራችሁኝ፤ አዲስ ክር ክፈቱለት።